አሜሪካ ጀልባ የለመደ ሰው በእንግሊዝ ቦይ ላይ፦ ከኪራይ እስከ ርክክብ

በፖቶማክ ወንዝ ወይም በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ጀልባ የነዳ ሰው እንግሊዝ ሄዶ ናሮውቦት (በቦይ ላይ የሚሄድ ረጅምና ጠባብ ጀልባ) ሲከራይ ሞተሩ ብዙም አያስቸግረውም። የሚያስቸግረው ሌላ ነው። በሁለቱም አገር እንግሊዝኛ ይነገራል፤ ነገር ግን በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች አሉ። አንዳንዶቹ ያስቃሉ፣ ጥቂቶቹ ግን አደጋ ያመጣሉ። ከዚያ ደግሞ የቦዩ ወግ አለ። ወጉ ከላይ ሲታይ የእንግሊዝ ይሉኝታ ይመስላል፤ ሥሩ ግን ውኃ ነው። አሜሪካ ትልልቅ ሎኮች (ጀልባን በውኃ የሚያነሱና የሚያወርዱ ባለ በር ክፍሎች) ላይ በሩን የሚከፍትላችሁ ደመወዝ የሚከፈለው ሠራተኛ ነው። እንግሊዝ ቦይ ላይ የምትከፍቱት ራሳችሁ ናችሁ፤ በከፈታችሁ ቁጥር የሚፈሰውም ውኃ ከኋላ የሚመጣው ጀልባ የሚንሳፈፍበት ነው። ይህን የያዘ ሰው የቀረውን ወግ ሳይነግሩት ይደርስበታል።

መመሪያው ከአሜሪካ ሄደው፣ ምናልባትም ከለንደን ወይም ከበርሚንግሃም ዘመዶቻቸው ጋር ሆነው፣ ለአንድ ሳምንት ጀልባ ለመከራየት ላሰቡ ነው። እንግሊዝ የሚኖሩትም እንግዳቸውን ለማሠልጠን ይጠቀሙበታል።

1. ጀልባውንና መንገዱን መምረጥ

በእንግሊዝና በዌልስ ወደ 2000 ማይል የሚሆነውን ቦይና ወንዝ የሚያስተዳድረው ካናል ኤንድ ሪቨር ትረስት የተባለ የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው። በ2012 ሥራውን ከመንግሥታዊው ብሪቲሽ ዋተርዌይስ ተረክቧል። የኪራይ ናሮውቦት ለመንዳት መንጃ ፈቃድ አይጠየቅም፤ አከራዩ በርክክቡ ቀን ያሠለጥናችኋል።

ናሮውቦት ስሙ እንደሚለው ጠባብ ነው። ስፋቱ 6 ጫማ ከ10 ኢንች ገደማ ሲሆን የሚገባበት ጠባብ ሎክ 7 ጫማ ነው። ርዝመቱ እስከ 72 ጫማ ይደርሳል፤ 57 ጫማ የሆነ ግን ከሞላ ጎደል በሁሉም ቦይ ያልፋል። ለአራት ሰው ከዚያ በላይ አያስፈልግም። ስትደውሉ «ባርጅ መከራየት እፈልጋለሁ» አትበሉ። ባርጅ እዚያ ሰፊ የጭነት ጀልባ ነው፤ ናሮውቦቱን ባርጅ ያለ ሰው ወዲያው በእርጋታ ይታረማል። «ያት» የሚለውም አሜሪካ የሀብታም ትልቅ ጀልባ ሲሆን እንግሊዝ ውስጥ ሸራ ያላት ትንሿም ጀልባ ያት ናት።

መንገድ ሲመረጥ ማይል ብቻ አትቁጠሩ። የቦዩ ሰዎች የሚያሰሉት እንዲህ ነው፦ ማይሉንና የሎኩን ብዛት ደምሩ፣ ለ3 አካፍሉ፤ የሚወጣው ሰዓት ነው። ፎር ካውንቲስ ሪንግ የተባለው ዙር 110 ማይልና 94 ሎክ አለው። ድምሩ 204፣ ለ3 ሲካፈል 68 ሰዓት። በሳምንት ለመጨረስ በየቀኑ ወደ 10 ሰዓት መንዳት ይጠይቃል፤ ለጀማሪ ይህ ዕረፍት ሳይሆን የጉልበት ሥራ ነው። በቀን 5 ወይም 6 ሰዓት ያዙ። ሌሎች ጀልባዎች አጠገብ ቆማችሁ ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ሞተር ማስነሳት የተከለከለ መሆኑንም በሒሳቡ አስገቡ። ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመከረው ከዌልስ ድንበር ጋር የሚያያዘው የላንጎለን ቦይ ነው። ከትሬቨር ወደ ኤልስሚር ሲኬድ ሎኮቹ ሁለት ብቻ ናቸው። ፖንትከሰልተ የተባለው የውኃ ድልድይም እዚያው ነው፤ በ1805 የተከፈተ፣ 307 ሜትር ርዝመትና 38 ሜትር ከፍታ ያለው የብረት ገንዳ ሲሆን በአንድ ጎኑ የእግረኛ መንገድና አጥር አለው፣ በሌላው ጎኑ ግን ምንም የለም። ከፍታ የሚፈራ ሰው ካለ በመንገዱ በኩል በእግሩ ይሻገር። ጀልባ የሚያልፈው አንድ በአንድ ስለሆነ ከመግባታችሁ በፊት ማዶ ማዶውን ተመልከቱ።

ዙር ያልሆነ መንገድ ከመረጣችሁ ጀልባውን የምታዞሩበትን ቦታ አስቀድማችሁ በካርታው ላይ ምልክት አድርጉ። 57 ጫማ ጀልባ እንደልብ የሚዞርበት ቦታ የለም። ለዚሁ ተብሎ የሰፋው የቦይ ክፍል ዊንዲንግ ሆል ይባላል። አሜሪካዊ ሲያነበው ብዙ ጊዜ «ዋይንዲንግ» ይላል፤ የቦዩ ሰው «ዊንዲንግ» ነው የሚለው፣ በእንግሊዝኛ ነፋስ እንደሚጠራበት።

2. ከመነሳት በፊት የሚጣሩ ቃላት

ከሁሉ በፊት ጋዝ። አሜሪካ የቆየ አበሻ «ጋዝ ልቅዳ» ሲል ቤንዚን ማለቱ ነው። እንግሊዝ ጀልባ ላይ ጋዝ ማለት ቡታጋዝ ብቻ ነው፤ የምድጃው። ሞተሩ የሚሠራው በናፍጣ ነው፤ የኪራዩ ናፍጣ ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ ተሞልቶ ይሰጣችኋል። ጀልባው ፊት ለፊት ባለ ሣጥን ውስጥ ብዙውን ጊዜ ሁለት ሲሊንደር ይቀመጣል፤ ቀዩ ፕሮፔን ነው። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ካፈሰሰ ወደ ጀልባው ወለል ይወርዳል፣ እዚያም ይተኛል። ሽታው ከመጣ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ የሲሊንደሩን ቫልቭ ዝጉ፣ እሳት አጥፉ፣ ሞተሩን አጥፉ፣ በሮቹን ክፈቱ፣ ሰዎቹን አውጡ። የመብራት ማብሪያ ማጥፊያ አትንኩ፤ ያቺ ትንሽ ብልጭታ ትበቃለች።

ዊንድላስ አሜሪካ መልሕቅ የሚጎትተው ማሽን ነው። እንግሊዝ ቦይ ላይ ደግሞ ሎክ የሚከፈትበት የእጅ ብረት ነው፤ ጫፉ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ያለው፣ መኪና ጎማ መፍቻ የሚመስል። ያለ እሱ አንድም ሎክ አታልፉም።

ፓድል ለአሜሪካዊው መቅዘፊያ ነው። ለእንግሊዙ በሎኩ በር ላይ ወይም ከመሬት በታች ያለው ውኃ ማስገቢያና ማስወጫ መዝጊያ ነው። አንድ ሰው «ፓድሉን አውርድ!» ብሎ ሲጮህባችሁ መቅዘፊያ ፍለጋ ወደ ጀልባው አትሩጡ፤ የሎኩን ውኃ ቶሎ ዝጉ ማለቱ ነው።

ዶክ፣ ስሊፕ፣ ፖንቱን። እነዚህ ሦስቱ እርስ በርስ ይጣላሉ። አሜሪካዊው «ዶክ ላይ ቆሜያለሁ» ሲል በውኃው ላይ የተዘረጋውን መረማመጃ ማለቱ ነው፤ ለእንግሊዙ ዶክ ውኃ የያዘው ገንዳ ራሱ ነውና እሱ ላይ መቆም ተአምር ይጠይቃል። ተንሳፋፊውን መረማመጃ እንግሊዝ ፖንቱን ይለዋል፤ አሜሪካ ውስጥ ፖንቱን ቤተሰብ ጭና የምትንሸራሸረው ጠፍጣፋ ጀልባ ናት። ስሊፕ አሜሪካ የጀልባ ማቆሚያ ቦታ ነው፣ እንግሊዝ ደግሞ ጀልባ ከተጎታች ላይ ወደ ውኃ የሚንሸራተትበት ዳገታማ መውረጃ። ማሪና ደውላችሁ ለአንድ ሌሊት ስሊፕ ብትጠይቁ ተጎታች ይዛችሁ የመጣችሁ ይመስላቸዋል። «በርዝ» በሉ።

ጋሎን። የአሜሪካው 3.785 ሊትር፣ የእንግሊዙ 4.546 ሊትር። ልዩነቱ አንድ አምስተኛ ያህል ነው። ናፍጣ የሚሸጠው በሊትር ስለሆነ በአብዛኛው አይነካችሁም፤ የድሮ ሰው ስለ ታንኩ በጋሎን ሲያወራ ግን የትኛው እንደሆነ አስቡ።

ባሕር ላይ የሚንሳፈፈውን ምልክት አሜሪካኖች «ቡዊ»፣ እንግሊዞች «ቦይ» ይሉታል። አማርኛ ለሚሰማ ጆሮ የሁለተኛው ጉድ ነው፤ ቦይ ላይ ሆነው ስለ ቦይ ሲያወሩ ሌላ ቦይ ማለታቸው ነው።

የኤሌክትሪክ ነገር ቃል ባይሆንም እዚህ ይግባ። አሜሪካ 120 ቮልት፣ እንግሊዝ 230 ቮልት። ከዋሽንግተን ይዛችሁት የሄዳችሁት ፀጉር ማድረቂያ በመቀየሪያ ሶኬት ቢሰካም ይቃጠላል፤ ጀልባው ኢንቨርተር (የባትሪን ኃይል ወደ ቤት ኤሌክትሪክ የሚቀይር ዕቃ) ቢኖረው እንኳ ባትሪውን ይጨርሰዋል። ስልክ በ12 ቮልቱ ሶኬት ቻርጅ አድርጉ፤ ውኃ በምድጃው ላይ አፍሉ።

3. ርክክብ

አከራዩ ሲያሳያችሁ ሁላችሁም ቁሙ፤ አንድ ሰው ብቻ ሰምቶ ሌላው ዕቃ ሲያራግፍ ነው ችግሩ የሚጀምረው። ሲያስረዳ በስልክ ቪዲዮ መቅረጽ ነውር የለውም። እነዚህን በእጃችሁ ይዛችሁ እዩ፦

– ሁለት ዊንድላስ። ሦስተኛ ካለ ለምኑ፤ አንዱ ውኃ ውስጥ መግባቱ አይቀርም።
– የውኃ ቦኖና የሽንት ቤት ማፍሰሻ ክፍሎች የሚከፈቱበት ቁልፍ፣ እንዲሁም ከተማ ውስጥ ባሉ አንዳንድ ሎኮች ላይ ፓድሉ የሚቆለፍበትን የሚፈታ የካቴና ቁልፍ።
– የብረት ችካሎች፣ መዶሻ፣ እንዲሁም በቦዩ ዳር የብረት ግድግዳ ባለበት የሚንጠለጠሉ መንጠቆዎች።
– ሦስት ገመድ፦ የፊት፣ የኋላ፣ እና ከጣሪያው መሐል የታሰረው። የመሐሉ ገመድ የብቸኛ ሰው ወዳጅ ነው፤ ጀልባውን ወደ ዳር የሚያስጠጋው እሱ ነው።
– ረጅም እንጨት፣ መንጠቆ ያለው ዘንግ፣ ሳንቃ፣ የውኃ ጎማ፣ ለእያንዳንዱ ሰው የነፍስ አድን ጃኬት።

የጃኬቱ ነገር አገር ይለያል። አሜሪካ ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ የባሕር ጠረፍ ጠባቂው ያጸደቀው ጃኬት መኖሩ ሕግ ነው። እንግሊዝ ቦይ ላይ ብዙ ሰው ሳይለብስ ታያላችሁ። አትምሰሏቸው፤ ልጆችና ዋና የማይችሉ በተለይ ሎክ ላይ ሁልጊዜ ይልበሱ።

በየጠዋቱ ሞተር ከመነሳቱ በፊት ዘይቱን በዲፕስቲክ ለኩ። በየማታው ሞተሩ ከጠፋ በኋላ የፕሮፔለሩ ዘንግ ከጀልባው በሚወጣበት ቦታ ያለውን የቅባት መያዣ ጠበቅ እስኪል አዙሩ፤ ካልዞረ ውኃ ጠብ ጠብ እያለ ይገባል። የጭስ መርዝ ማስጠንቀቂያውን ቁልፍ ተጭናችሁ ድምፁን ስሙ። ቢበርዳችሁም የአየር ቀዳዳዎቹን በፎጣ አትድፈኑ።

ዊድ ሃች የሚባለው ክዳን ለብቻው ይነገር። ከኋላ፣ ከፕሮፔለሩ በላይ ያለ ሣጥን ነው፤ ፕላስቲክ ወይም ገመድ ሲጠመጠም እጅ ሰዶ ለማውጣት የተሠራ። ሞተሩ በድንገት ከደከመ፣ ጭስ ከበዛ፣ ወይም ጀልባው እየተንቀጠቀጠ ፍጥነት ካጣ ተጠምጥሞበታል ማለት ነው። ዳር አስሩ፣ ሞተሩን አጥፉ፣ ቁልፉን ነቅላችሁ ኪሳችሁ ክተቱ፤ ከዚያ ብቻ እጃችሁን አስገቡ። ቢላዋ፣ መቀስ፣ ወፍራም ጓንት ያስፈልጋል፤ ሽቦም ሊኖር ይችላል። ስትጨርሱ ክዳኑን አስተካክላችሁ ጥብቅ አድርጋችሁ ዝጉ። ላላ ብሎ ከቀረ፣ ሞተሩ ሲነሳ ፕሮፔለሩ ራሱ ውኃውን ወደ ሞተር ክፍል ይገፋዋል፤ በዚህ ምክንያት የሚሰምጥ ጀልባ አለ። ቀስ ብላችሁ ሞተሩን አስነሱና ክዳኑ ዙሪያ ውኃ አለመውጣቱን ተመልከቱ።

4. መንዳት

መሪ ክብ አይደለም። ከኋላ ቆማችሁ ቲለር የሚባለውን ዘንግ ትይዛላችሁ፤ ወደ ግራ ስትገፉት ጀልባው ወደ ቀኝ ይዞራል። አሜሪካ ትንሽ አውትቦርድ ሞተር (ከጀልባው ኋላ የሚንጠለጠል) በእጁ የያዘ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ የማያውቀው ርዝመቱን ነው። ጀልባው የሚዞረው እንደ መኪና በፊቱ ሳይሆን ከመሐሉ ላይ ነው፤ ፊቱ ወደ ቀኝ ሲሄድ ኋላው ወደ ግራ ይወጣል። ከዳር ስትነሱ ፊቱን በመሪው ብቻ ለማውጣት ብትሞክሩ ኋላው ዳሩን ይመታል። ፊቱን በእጅ ወደ መሐል ግፉ፣ ወይም ኋላውን አውጥታችሁ በኋላ ማርሽ ውጡ። በኋላ ማርሽ ላይ መሪው አይሠራም ብላችሁ ያዙት፤ ኋላ ማርሽ ፍሬናችሁ ነው።

የቦዩ የፍጥነት ገደብ በሰዓት 4 ማይል ነው፤ የሰው ርምጃ። ከዚያም በታች ትነዱታላችሁ። ቦዩ ጥልቀት የለውም፤ ነዳጅ ስትጨምሩ ኋላው ወደ ታች ይሰምጣል እንጂ አይፈጥንም። ወደ ኋላ ዞራችሁ ሞገዱን እዩ፤ ዳሩ ላይ ነጭ ሆኖ ከተሰበረ ፈጥናችኋል።

የቆመ ጀልባ ስታልፉ ሞተሩን ወደ ዝቅተኛው አውርዱ፤ አጠገቡ ስትደርሱ ሳይሆን ጥቂት የጀልባ ርዝመት ሲቀራችሁ። ከባዱ ጀልባችሁ ሲያልፍ ውኃውን እየሳበ ነው የሚያልፈው፤ የታሰረውን ይጎትተዋል፣ ችካሉን ይነቅለዋል፣ ውስጥ ምድጃ ላይ ያለውን ድስት ይገለብጠዋል። አሜሪካ ውስጥ የምታውቁት «ሞገድ የማይነሳበት ቀጠና» የሚለው ሰሌዳ እዚህ በየቦታው አልተተከለም፤ እያንዳንዱ የቆመ ጀልባ ራሱ ሰሌዳ ነው።

መኪና በግራ በሚነዳበት አገር ጀልባ ግን በቀኝ ነው፤ ስትተላለፉ ግራ ለግራ። ይህ አሜሪካዊውን ደስ ያሰኘዋል። መንገድ ሰፊ ከሆነ ጥልቁ መሐሉ ስለሆነ በመሐል ሂዱ፤ ሌላ ጀልባ ሲመጣ ብቻ ወደ ቀኝ ጠጋ በሉ። ድልድይ ሥር ሁለት አይተላለፍም፤ የቀረበው ይቅደም፣ ሌላው ይቁም። ማዶው የማይታይ ጥምዝ ወይም ድልድይ ላይ አንድ ረጅም ጥሩምባ ንፉ።

5. ሎክ

ሎክ ሁለት ጫፉ በር ያለው፣ ውኃ ሲሞላ ጀልባውን የሚያነሳ፣ ሲፈስ የሚያወርድ ክፍል ነው። የኒው ዮርኩ ኢሪ ቦይ ከ30 በላይ ሎኮች አሉት፤ እያንዳንዱ ወደ 300 ጫማ ርዝመት ያለው ሲሆን ጠባቂ አለው። በቪኤችኤፍ ራዲዮ ቻናል 13 ትጠሩታላችሁ፣ አረንጓዴ መብራት ይበራል፣ ገብታችሁ ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለውን ገመድ ትይዛላችሁ፤ በቃ። እንግሊዝ ራዲዮው ቀርቶ የዊንድላሱ ድምፅ ነው ያለው። አልፎ አልፎ በጎ ፈቃደኛ ጠባቂዎች ይረዳሉ፤ አብዛኛው ሎክ ግን ሰው የለበትም።

ወደ ላይ ስትወጡ፦

ሀ) ከሎኩ በፊት ሠራተኞቻችሁን ዳር አውርዱ። ማንም አይዝለል፤ ገመድ ይዞ ይራመድ። ከላይ የሚመጣ ጀልባ መኖሩን ይመልከቱ። ሎኩ ሞልቶ ከሆነና ከላይ ጀልባ ከታየ፣ ሎኩ የእሱ ነው፤ ጠብቁ። ማንም ከሌለ የላይኛው ፓድሎች መዘጋታቸውን አረጋግጡና ውኃውን አፍስሱ።

ለ) ውኃው እኩል ሲሆን በሩ ይከፈታል። የበሩን ረጅም ግንድ በጀርባችሁ ግፉ፤ ካልተንቀሳቀሰ ውኃው ገና አልተካከለም፣ ጉልበት አይፈታውም። ጠባብ ሎክ ከመግባታችሁ በፊት ጎን ላይ የተንጠለጠሉ መከላከያዎችን ሁሉ ወደ ላይ አንሱ። አሜሪካ ሎክ ውስጥ በሁለቱም ጎን አውርዱ የተባላችሁት እዚህ ተቃራኒው ነው፤ ጀልባውና ግድግዳው መካከል ያለው ክፍተት እጅግ ጠባብ ነው፣ መከላከያው ይቀረቅረዋል።

ሐ) በሩንና የታችኛውን ፓድል ዝጉ። ከዚያ ከመሬት ሥር ያለውን የላይኛውን ፓድል ግማሽ ክፈቱ፣ ጀልባው ሲረጋጋ ሙሉ። በሩ ላይ ያለውን ፓድል አስቀድሞ መክፈት የጀማሪ ስሕተት ነው፤ ውኃው እንደ ፏፏቴ የጀልባው ፊት ውስጥ ይወርዳል። ቀዳዳው በውኃ እስኪሸፈን ቆዩ።

መ) ነጂው የጀልባው አፍንጫ በበሩ እንጨት ሥር እንዳይገባ ዐይኑን አይንቀል። ከገባ የላይኛውን ፓድል ወዲያው ዝጉ፣ የታችኛውን ቀስ አድርጋችሁ ክፈቱ።

ወደ ታች መውረድ ለዐይን ቀላል ነው፤ ጀልባ የሚሰምጠው ግን እዚህ ነው። ከላይኛው በር በታች ወደ ሎኩ ውስጥ ወጣ ያለ የድንጋይ ወይም የሲሚንቶ ደፍ አለ። ሎኩ ሲሞላ አይታይም። ግድግዳው ላይ በነጭ ተሠምሮበታል፤ የጀልባው ኋላ ከዚያ መሥመር ፊት መሆን አለበት። ውኃው ሲወርድ ኋላው ደፉ ላይ ከቀረ ፊቱ ብቻውን ይወርዳል፣ ጀልባው ይዘምማል፣ ውኃ ይገባዋል። ጉዳዩ የሚያልቀው በሰከንዶች ነው። ምልክቱ፦ ጀልባው ወደ ፊት ማዘንበል ወይም ያልተለመደ ድምፅ። የሚደረገው፦ የታችኛውን ፓድል ወዲያው ዝጉ፣ ከዚያ የላይኛውን ቀስ ብላችሁ ክፈቱና ጀልባውን መልሳችሁ አንሳፍፉት። ሌላው ጥፋት ገመድ ማሰር ነው። ሲወርድ የታሰረ ጀልባ በገመዱ ይንጠለጠላል። ሰፊ ሎክ ውስጥ ገመዱን ምሰሶው ላይ አንድ ዙር ጣል አድርጋችሁ በእጅ እየለቀቃችሁ ያዙ፤ ቋጠሮ አይኑር።

ዊንድላሱን ፓድሉ ዘንግ ላይ ትታችሁ አትሂዱ። ማቆሚያው ጥርስ ከዘለለ ዘንጉ በኃይል ይሽከረከራል፣ ብረቱም ይወረወራል፤ የተሰበረ ክንድና ጥርስ የሚመጣው ከዚያ ነው። ፓድል ሲወርድም በእጅ እያዞሩ ነው እንጂ ለቅቆ አይጣልም።

ነጂውና ፓድል ያዡ ከሞተሩ ድምፅ የተነሳ አይደማመጡም። አሜሪካ ባልና ሚስት በጆሮ ማዳመጫ ያወራሉ፤ «ትዳር አዳኝ» የሚል ቅጽል ወጥቶለታል። እንግሊዝ በእጅ ምልክት ነው። አስቀድማችሁ ሦስት ምልክት ተስማሙ፦ ክፈት፣ ዝጋ፣ አቁም። ሎክ ውስጥ ያለው ጀልባ ነጂ ነው አዛዡ፤ እሱ ሳይል ፓድል አይከፈትም።

አሁን ወደ ወጉ። አንድ ጠባብ ሎክ 22 ሜትር ርዝመት፣ 2.1 ሜትር ስፋት ቢኖረውና ውኃው 2.5 ሜትር ቢወርድ ከ115 ሺህ ሊትር በላይ ይፈሳል። ከሚመጣው ጀልባ ፊት የሞላውን ሎክ ባዶ ማድረግ ይህን ያህል ውኃ በከንቱ መድፋት ነው፤ የሚያስቆጣውም ለዚህ ነው። ሰፊ ሎክ፣ ለምሳሌ የግራንድ ዩኒየን ቦይ ላይ፣ ሁለት ናሮውቦት ጎን ለጎን ያስገባል። ከኋላችሁ ጀልባ ካያችሁ ጠብቁት፤ አብራችሁ ስትገቡ ውኃውም ጉልበቱም ይካፈላል። ስትወጡ በሩንና ፓድሉን ዝጉ፤ የሚገባ ጀልባ ከታየ ብቻ ክፍት ተዉለት። ክፍት የቀረ አንድ ፓድል በሁለት ሎኮች መካከል ያለውን ውኃ ሌሊቱን ሊያፈሰው ይችላል፤ ጠዋት ጀልባዎቹ ጭቃ ላይ ተጋድመው ይገኛሉ።

የሌላ ሰው ሎክ ላይ ለመርዳት ከፈለጋችሁ መጀመሪያ ጠይቁ። አሜሪካዊ ደግነት ሮጦ መርዳት ነው፤ እዚህ ሳይጠየቅ ፓድል የከፈተ ሰው የሰውን ጀልባ አደጋ ላይ ሊጥል ይችላል። «በሩን ልያዝላችሁ?» ማለት ይበቃል። ተፈቀደላችሁ? በዝምታ ሥሩ፣ ነጂውን እያያችሁ።

6. ማደር

በእግረኛው መንገድ በኩል፣ ክልከላ ከሌለ፣ አብዛኛው ቦታ ለማሰር ይፈቀዳል፤ ጣሪያው 14 ቀን ነው፣ ሰሌዳ ያለበት 24 ወይም 48 ሰዓት ሊሆን ይችላል። ሎክ መጠበቂያ ላይ፣ ውኃ መቅጃ ላይ፣ ዊንዲንግ ሆል ውስጥ፣ ጥምዝ ላይና ድልድይ አጠገብ አትሰሩ። አሜሪካ ማሪና ገመድ የሚቀበል ሠራተኛ ቆሞ ይጠብቃችኋል፤ እዚህ ገመድ ወርውራችሁ የሚቀበል የለም።

ፊቱን ቀስ ብላችሁ አስጠጉ፣ አንድ ሰው የመሐሉን ገመድ ይዞ ይውረድ። ችካሎቹን ከጀልባው ጫፎች ወጣ አድርጋችሁ፣ ገመዱ በ45 ዲግሪ ገደማ እንዲወጣ፣ የላይኛው ጫፋቸው ከጀልባው ወደ ውጭ ዘንበል ብሎ ምቱ። ገመዱ ትንሽ ይላላ። የመሐሉን ገመድ አስራችሁ አትደሩ፤ ከጣሪያው ስለሚጎትት ጀልባውን ያዘነብለዋል። ችካሉ ላይ ነጭ ፌስታል እሰሩ፣ በምሽት ብስክሌተኛ እንዳይደናቀፍ።

ውኃ በየቀኑ ቅዱ፤ ታንኩ እስኪሞላ ከግማሽ ሰዓት በላይ ሊፈጅ ስለሚችል ሻይ አፍሉበት። ሽንት ቤቱ ካሴት (ተነቅሎ የሚወጣ ማጠራቀሚያ ያለው) ከሆነ በተመደበው ማፍሰሻ ብቻ ይደፋል፤ ወደ ቦዩ ፈጽሞ።

7. ጨዋታው

የአሜሪካ ጀልበኛ ስሙን ነግሮ፣ እጅ ጨብጦ፣ ረጅም ጉዞ ላይ ከሆነም የጀልባው ስም የታተመበትን ካርድ ሰጥቶ ይጀምራል። እንግሊዙ በጀልባው ይጀምራል፦ ስንት ጫማ ነው፣ ወዴት ነው፣ ሎኩ ላይ ወረፋ አለ ወይ? ስም ምናልባት በሦስተኛው ሎክ ላይ ይመጣል፤ ላይመጣም ይችላል። ሲያልፉ ግን ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል። አጸፋውን አትርሱ።

ወቀሳው ቀጥተኛ አይደለም፤ ለዚህ አበሻ ከአሜሪካዊው ይሻላል። «ምነው ጠፋህ» ሲባል ናፍቆት ብቻ እንዳልሆነ የሚያውቅ ሰው፣ የቆመ ጀልባ ውስጥ ብቅ ያለ ሽማግሌ «የሚያስቸኩላችሁ ነገር አለ?» ሲል ጥያቄ እንዳልሆነ ይገባዋል። ፍጥነት ቀንሱና «ይቅርታ» በሉ፤ ክርክር የለም። «ትንሽ ነፋስ አለ» ሲሉም ጀልባውን አጥብቃችሁ እሰሩ፤ ትንሽ አይደለም።

ጀልባው ላይ የሚኖሩትን ክረምት ይበርዳቸው እንደሆነና ስንት እንደሚያወጡ አትጠይቁ፤ በየቀኑ ከእግረኛው የሚሰሙት ነው። ስለ ሞተራቸው ጠይቋቸው፤ ከዚያ በኋላ መሄድ ነው የሚቸግራችሁ።

8. ወደ ባሕር ለሚያስብ

የኪራይ ናሮውቦት ባሕር አይወጣም፤ የሸራ ጀልባ ልትከራዩ ካሰባችሁ ግን አንዱን አትዘንጉ። አሜሪካ ወደ ወደብ ስትገቡ ቀዩ ምልክት በቀኛችሁ ነው። እንግሊዝና አውሮፓ ተገላቢጦሽ ነው፤ ስትገቡ አረንጓዴው በቀኝ፣ ቀዩ በግራ። ያስለመዳችሁት ዐይን በቀጥታ ወደ አሸዋው ይመራችኋል። ጥልቀትም በሜትር ነው የተጻፈው፤ ካርታው ላይ 3 ያለው 3 ጫማ ሳይሆን ወደ 10 ጫማ ነው። ራዲዮ ለመናገር እዚያ የግል የብቃት ማረጋገጫ ይጠየቃል፤ አሜሪካ በአገር ውስጥ ውኃ ለመዝናኛ ጀልባ አይጠየቅም።

9. መመለስ

አከራዮች ጀልባውን በጠዋት ይፈልጉታል፤ የመጨረሻውን ሌሊት ከአከራዩ የጀልባ ጓሮ አንድ ሰዓት የማይሞላ ርቀት ላይ እደሩ። ቆሻሻ አውጡ፣ ምድጃውን ጥረጉ። ጉርሻ የአሜሪካ ልማድ ነው፤ እዚህ ጓሮ ውስጥ አይጠበቅም፣ ሎክ ላይ የረዳችሁ በጎ ፈቃደኛም ገንዘብ ብትሰጡት ያፍራል። ሻይና ብስኩት ይቀበላል። ያልነገራችሁት ጭረት ካለ ሳትጠየቁ ተናገሩ፤ ዊንድላሶቹንም ቆጥራችሁ አስረክቡ። ከጎደለ ዋጋውን ትከፍላላችሁ፤ የጠፋበትን ሎክ ካስታወሳችሁ ግን ንገሯቸው፣ በገመድ የታሰረ ማግኔት ይዘው ያወጡታል።